ንጹሕ ውሃ መብት ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

ዶሮ ሳይጮኽ ተነስታ፣ እንስራዋን በጀርባዋ አዝላ ወደ ወንዝ የምትወርድ ሴት በየመንደራችን አለች። እናታችን ልትሆን ትችላለች። ሚስታችን ወይም ልጃችን ልትሆን ትችላለች። ወይም ይህን የምታነቡት እናንተው ራሳችሁ ናችሁ። ስትወርድ ቁልቁለት ነው፣ እንስራውም ባዶ ነው። ስትመለስ ዳገት ነው፣ እንስራውም ሙሉ ነው። በእንስራ ፈንታ ጀሪካን ብትይዝም ሸክሙ አይቀልላትም። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል።

ቁጥር ተምረናልና እስቲ ይህን ሥራ እናስላው። አንዱ ምልልስ ከነወረፋው 2 ሰዓት ይፈጃል እንበል። በቀን ሁለት ጊዜ ከሄደች 4 ሰዓት ነው። 4 በ30 ቀን ሲባዛ 120 ሰዓት ይሆናል። አንድ የሥራ ቀን 8 ሰዓት ነው ብንል፣ 120 ለ8 ሲካፈል 15 ይመጣል። እንግዲህ ይህች ሴት በየወሩ 15 የሥራ ቀን የሚያህል ጊዜ የምታጠፋው በውሃ መንገድ ላይ ነው። የወሩ እኩሌታ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የለም። ሥራ ነው ብሎ የሚቆጥረውም ጥቂት ነው። ማታ ላይ «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» የሚላት ባል አይጠፋም።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ቤት የገባው ውሃ 40 ሊትር ነው። ቤተሰቡ 6 ሰው ቢሆን ለአንድ ሰው 7 ሊትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ይጠጣል፣ ወጥ ይሠራል፣ ሊጥ ይቦካል፣ ዕቃ ይታጠባል። የልጆች ፊትና እጅ የሚታጠበው ከተረፈ ነው። ከብት ከሚጠጣበትና ከሚንቦጫረቅበት ቦታ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ድካም የተደከመው በሽታ ለመሸከም ሆነ ማለት ነው።

በሬዲዮም በስብሰባም «ንጹሕ ውሃ ማግኘት የሰው ልጅ መብት ነው» ሲባል እንሰማለን። ይህን የሰማ ገበሬ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ውሃ የፈጣሪ ነው፤ ከሰማይ ይዘንባል፣ ከምድር ይፈልቃል። ታዲያ ማን ከለከለንና ነው መብት የሚባለው? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ቀስ ብለን እንመልከተው።

ችሮታና መብት

ችሮታ ሰጪው ሲፈልግ የሚሰጠው፣ ሳይፈልግ የሚያስቀረው ነገር ነው። ጎረቤት ከጉድጓዱ ውሃ እንድንቀዳ ቢፈቅድልን ደግነቱ ነው። ነገ ቢከለክለን ቅር ከመሰኘት በቀር ምንም ማለት አንችልም። መብት ግን ሌላ ነው። መብት ያለው ሰው አይለምንም፤ «ይገባኛል» ብሎ ይጠይቃል። በወዲያ በኩል ደግሞ ለጥያቄው መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት አካል አለ። ስለ መብት ስናወራ ሁለቱን ለይተን ማወቅ አለብን፤ የሚገባን ምን ያህል ነው? ተጠያቂውስ ማን ነው?

የውሃ መብት በዓለም ደረጃ በግልጽ የተጻፈው በቅርብ ጊዜ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ መብቶችን መግለጫ ያወጣው በ1941 ዓ.ም. ነው። በዚያ መግለጫ ውስጥ ምግብ፣ ልብስ፣ ቤትና ሕክምና ተጠቅሰዋል። ውሃ የሚል ቃል ግን የለበትም። ምናልባት የጻፉት ሰዎች ቧንቧ ከቤታቸው የማይጠፋ ሰዎች ስለነበሩ ይሆናል። በእንስራ ውሃ የቀዳች ሴት ከመካከላቸው ብትኖር ኖሮ ውሃን የምትረሳ አይመስለኝም።

በኅዳር ወር 1995 ዓ.ም. የዚሁ ድርጅት አንድ ኮሚቴ የውሃ መብት ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ጻፈ። ከዚያም ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ በጉዳዩ ላይ ድምፅ ሰጠበት። ሐሳቡን ያቀረበችው በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው ቦሊቪያ ነች። ቦሊቪያ ይህን ያቀረበችው እንዲሁ አልነበረም፤ የደረሰባት ነገር ነበር። ኮቻባምባ በምትባለው ከተማዋ፣ በ1992 ዓ.ም. የከተማው ውሃ ለአንድ ኩባንያ ተላልፎ ተሰጠ። የውሃ ዋጋ በአንድ ጊዜ አሻቀበ። የከተማው ሕዝብ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉ ገበሬዎችም ተነሱ። በገዛ ጉልበታቸው የቆፈሩት ጉድጓድና የመስኖ ውሃቸው ሳይቀር በኩባንያው እጅ ይገባል ብለው ሰግተው ነበር። ብዙ ሰው ቆሰለ፤ የሞተም ነበር። በሚያዝያ ወር ውሉ ፈረሰ፤ ኩባንያውም ወጣ። ከዚያ በኋላ የቦሊቪያ ሰዎች በየሄዱበት ስለ ውሃ መብት መናገር ጀመሩ።

በጉባኤው ላይ 122 አገሮች ሐሳቡን ደገፉ። የተቃወመ አንድም አልነበረም። 41 አገሮች ግን ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ድምፀ ተአቅቦ ማለት «አልደግፍም፣ አልቃወምምም» ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል አሜሪካና ታላቋ ብሪታኒያ፣ ኬንያና ታንዛኒያ ነበሩበት። አገራችን ኢትዮጵያም ከ41ዱ አንዷ ነበረች። ይህን ደብቆ ማለፍ አይገባም፤ ማወቅ ይበጃል።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በአገራችን ሕግ ያልተጻፈ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 90 ላይ፣ ለሁሉም ኢትዮጵያዊ ትምህርት፣ ጤናና ንጹሕ ውሃ እንዲዳረስ ይላል። ከፊቱ ግን አንድ ነገር አለ፤ «የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ነው። በዚህ አነጋገር ላይ ጥቂት እንቆይ። ደሃ አገር ሁሉን ነገር በአንድ ዓመት ልሥራ ቢል አይችልም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን «አቅም የለም» ማለት የጥያቄ መዝጊያ ሊሆን አይገባም። አቅም እስካሁን የፈቀደው የት ድረስ ነው? የእኛ ቀበሌ በስንተኛው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ገብቷል? ከእኛ በፊት የቀደሙት በምን ምክንያት ቀደሙ? ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት አለው፤ ጽሕፈት ቤቱም ዕቅድ አለው። ዕቅድ ደግሞ የሚነበብ ነገር ነው።

ሌላም ሕግ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197፣ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ለመጠጥና ለቤት የሚሆን ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንዲቀድም አድርጓል። አንድ ምንጭ ለመስኖም ለመጠጥም ተፈልጎ ቢያጣላ፣ በሕጉ ቀዳሚዋ እንስራ ተሸክማ የመጣችው ናት ማለት ነው። በእጅ የውሃ ጉድጓድ ለመቆፈርም ሆነ ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ ለመጠቀም የፈቃድ ወረቀት አያስፈልግም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

በምን ይለካል?

መብት በሚዛንና በቁና ካልተሰፈረ «ሰጥቻለሁ» ለማለት ይቀላል። ስለዚህ መስፈሪያውን ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ብዛቱ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብና ለንጽሕና በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልገዋል ይላል። ርቀቱ ደግሞ ከቤት ከ1 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም። ለመቅዳት የሚፈጀው ጊዜም ደርሶ መልስ ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ነው። መልካም። አሁንም እናስላ። ለ6 ሰው 50 ሊትር ማለት 300 ሊትር ነው። ይህ 15 ጀሪካን ይሆናል። አንዱን ጀሪካን በ30 ደቂቃ ብታመላልስ፣ 15ቱን ለማምጣት 7 ሰዓት ተኩል ይፈጅባታል። ስለዚህ 50 ሊትርና 30 ደቂቃ በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ አብረው አይሄዱም። 50 ሊትሩ እንዲሞላ ከተፈለገ ቧንቧው ወደ ግቢው መጠጋት አለበት። ምንጭ ተጎልብቶ ወይም የእጅ ፓምፕ ተተክሎ በ30 ደቂቃ ርቀት ላይ ሲሆን፣ ሰው በአብዛኛው መጠቀም የሚችለው በቀን 20 ሊትር ገደማ ነው። እንግዲህ የመንደር ፓምፕ ትልቅ ነገር ነው፤ የመንገዱ መጨረሻ ግን አይደለም።

የአገራችን መስፈሪያ ከዚህ ያነሰ ሆኖ ቆይቷል። ቀድሞ ለገጠር ሰው በቀን 15 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ተኩል ርቀት ውስጥ ይባል ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ወደ 25 ሊትርና ወደ 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ተደረገ። ለ6 ሰው 150 ሊትር፣ ማለትም 7 ጀሪካን ተኩል ነው። በየቤታችን ስንት ጀሪካን እንደሚገባ እያንዳንዳችን እናውቃለን፤ ልዩነቱን ማውጣት ቀላል ነው።

መጠን መጠየቅ ምን እንደሚያመጣ የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ታሪክ ያሳያል። የዚያች አገር ሕገ መንግሥት ማንኛውም ሰው በቂ ውሃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ከ1993 ዓ.ም. ወዲህም ለአንድ ቤተሰብ በወር 6,000 ሊትር ውሃ በነፃ እንዲሰጥ የሚል ፖሊሲ ወጣ። ይህ 8 ሰው ላለበት ቤት ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው። በጆሃንስበርግ ከተማ፣ ሶዌቶ በሚባለው የድሆች ሰፈር ግን፣ ነፃው ውሃ ሲያልቅ ቧንቧውን የሚዘጋ ቆጣሪ ተተከለባቸው። ብዙ ሰው በሚኖርበት ግቢ ውሃው ወሩ ሳያልቅ ያልቃል። አምስት የሰፈሩ ነዋሪዎች «25 ሊትር አይበቃንም፣ 50 ይገባናል» ብለው ከተማውን ከሰሱ። በ2000 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፍርድ ቤት 50 ሊትር ፈረደላቸው። በ2001 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ወደ 42 ሊትር ዝቅ አደረገው። በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጉዳዩ ከሁሉ በላይ ወደሆነው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እዚያ ነዋሪዎቹ ተረቱ። ፍርድ ቤቱ «መጠኑን የሚወስነው መንግሥት ነው፤ እኛ የምናየው አሠራሩ ምክንያታዊ መሆኑን ብቻ ነው» የሚል ውሳኔ ሰጠ።

ታዲያ ድካማቸው ከንቱ ቀረ? አልቀረም። ክርክሩ በቀጠለባቸው ዓመታት ከተማው በየጊዜው ቀርቦ «ለምን ይህን ያህል ብቻ?» ለሚለው መልስ መስጠት ነበረበት። መልስ ሲያጣም አሠራሩን እያሻሻለ፣ ለድሆቹ የሚሰጠውን ነፃ ውሃ ጨመረ። ፍርድ ቤቱ ራሱ ይህንን መስክሯል። በክርክር ተረትቶ ውሃ ማግኘትም አለ።

ወደ መስፈሪያው እንመለስ። ውሃው ንጹሕ መሆን አለበት፤ ቀለሙና ሽታው ብቻ ሳይሆን የማይታየው ተባይም የሌለበት። ዋጋውም ሰውን ከሌላ ነገር የሚከለክል መሆን የለበትም። መብት ነው ማለት የግድ በነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ፓምፕም ይሰበራል፣ ጠባቂም ደመወዝ ይፈልጋል። ነገር ግን በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም መስፈሪያ መሠረት፣ ከቤተሰቡ ገቢ ከ100 ብር ውስጥ ለውሃ የሚወጣው ከ3 ብር መብለጥ የለበትም። በከተማ ውሃ በጀሪካን ከቸርቻሪ የሚገዛ ደሃ ቧንቧ ካለው ሀብታም ይልቅ ለአንድ ሊትር አብዝቶ የሚከፍልበት ጊዜ ብዙ ነው።

የመጨረሻው፣ ማንም ከውሃው ቦታ እንዳይገፋ ነው። እዚህ ላይ ራሳችንን እንመልከት። ሸክላ ሠሪዋ እንስራውን ሠርታ ለመንደሩ ሁሉ ትሸጣለች። ከምንጩ ግን «አንቺ መጨረሻ ቅጂ» የተባለችበት አገር አለ። እንስራዋ አይጠላም፤ እሷ ግን ትገፋለች። መንግሥትን መብቴን ስጠኝ የሚል ሰው፣ በምንጩ ዳር የጎረቤቱን መብት ሲነጥቅ ከተገኘ ምን ይባላል? አካለ ስንኩል የሆነ፣ ዓይኑ የማያይ፣ ቀጂ ልጅ የሌለው አሮጊትም እንዲሁ መታሰብ አለባቸው።

ሁለቱ ጉድጓዶች

ስለ ውሃ ሲነሳ ስለ ሽንት ቤትም የሚነሳው ለምንድን ነው? ውሃውና ሽንት ቤቱ ምን አገናኛቸው? ይህን በደንብ ያሳየ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። የሆነው በሩቅ አገር፣ በእንግሊዝ ዋና ከተማ በለንደን ነው። ከእኛ የእጅ ፓምፕ ጋር ግን ይመሳሰላል።

በ1846 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ፣ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ ዙሪያ ኮሌራ ገባ። በ10 ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ሞተ። በዚያን ጊዜ የነበሩ አብዛኞቹ ሐኪሞች በሽታው በመጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን ቤት ለቤት እየዞረ «ውሃ የምትቀዱት ከየት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የሞቱት አብዛኞቹ በመንገዱ ላይ ከነበረው አንድ የእጅ ፓምፕ የጠጡ ሆነው ተገኙ። በዚያው አካባቢ የቢራ ፋብሪካ ነበር። 70 ያህል ሠራተኞች ሲኖሩት ከእነሱ የሞተ የለም። ቢራ ስለሚጠጡና ፋብሪካው የራሱ ጉድጓድ ስለነበረው የመንገዱን ውሃ አይነኩም። በሌላ በኩል፣ ርቃ የምትኖር አንዲት ባልቴት የዚያን ፓምፕ ውሃ ስለምትወድ በየቀኑ እያስመጣች ትጠጣ ነበር። እሷም በዚሁ በሽታ ሞተች።

ጆን ስኖው ይህን ለሰፈሩ አስተዳዳሪዎች አስረዳ፤ የፓምፑ እጀታም ተነቀለ። በኋላ ሲቆፈር ምን ተገኘ? ከውሃው ጉድጓድ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ የአንድ ቤት የእዳሪ ጉድጓድ ነበረ። ግድግዳው ተበልቶ ወደ ውሃው ይንጠባጠብ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ተቅማጥ ይዞት የሞተ ሕፃን ነበረ፤ የታጠበበት ውሃ የተደፋውም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ውሃው ሲታይ ጥርት ያለ ነበር። ሰዎች ይመርጡት የነበረውም ስለሚጣፍጥ ነው።

በሽታው የጥንት ብቻ አይደለም። በአገራችን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኮሌራ በባሌ ተነስቶ ወደ ብዙ አካባቢዎች ተዛምቷል። እኛ አተት እያልን የምንጠራው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት መንገዱ አንድ ነው፤ ከሰው ሆድ ወጥቶ በውሃ፣ በእጅ፣ በዝንብና በምግብ አድርጎ ወደ ሌላ ሰው አፍ ይገባል። በጫካ የተጸዳዳ ሰው እዳሪውን ትቶት የሄደ ይመስለዋል። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ይዞት ወደ ምንጩ ይወርዳል። ሰውየው የዘጠኝ ልጆች አባት የተከበረ ሽማግሌ ቢሆንም ጎርፉ አይመርጥም።

ዝንብም ሌላ ጉዳት አላት። ትራኮማ የሚባለውን የዓይን ማዝ ከልጅ ወደ ልጅ የምታዛምተው የዝንብ ዓይነት እንቁላሏን የምትጥለው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው እዳሪ ነው። በተከደነ ሽንት ቤት ውስጥ አትራባም። ትራኮማ ሲደጋገም የዓይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን እየቧጠጠ ያሳውራል። ኢትዮጵያ በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጠቁ አገሮች የመጀመሪያዋ ነች። እንግዲህ ሽንት ቤት መክደን ዓይን ማዳን ሆነ።

ለሴቶች ደግሞ ነገሩ ከጤናም ያልፋል። ወንዱ ዛፍ ጥግ ይበቃዋል። ሴቷ ግን ቀን እንዳትታይ እስኪመሽ ትጠብቃለች፤ ሲመሽ ደግሞ ጅቡንም ክፉ ሰውንም ትፈራለች። በር የሚዘጋ ሽንት ቤት በሌለበት ትምህርት ቤት፣ የወር አበባዋ የመጣ ልጅ ከትምህርቷ ትቀራለች። ስለዚህም ነው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የመጸዳጃ መብትን ከውሃ ለይቶ ራሱን የቻለ መብት ያደረገው።

በዚህ በኩል አገራችን ያደረገችው ነገር ያኮራል። በ1982 ዓ.ም. ከ100 ኢትዮጵያዊ 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ይህ ወደ 29 ወረደ። በዚያን ዘመን በዓለም ላይ ይህን ያህል የቀነሰ አገር አልተገኘም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ያመጡት ለውጥ ነው። ቁፋሮውን ግን የቆፈረው ገበሬው ነው።

ሲቆፈር ታዲያ ቦታው ይታሰብበት። ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ከውሃው በታች ባለው ተዳፋት ይሁን እንጂ በላይ አይሁን። የጉድጓዱ ወለል ከመሬት ውስጥ ውሃው በላይ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ይበል፤ ሲቆፈር ውሃ ከወጣ ቦታው ይለወጥ። ቀዳዳው ክዳን ይኑረው። በሩ አጠገብ ውሃ ያለበት ዕቃ ተንጠልጥሎ ሳሙና፣ ሳሙና ከጠፋ አመድ ይቀመጥ። ምንጩም ይታጠር፤ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይውጣለት፤ ከብት ከበታቹ ይጠጣ። ውሃው አጠራጣሪ ከሆነ ይፈላ። ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ደጋ ከሆነ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ ከተገኘም በላዩ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመር። አሁን ማንበብ ይቻላልና ልኩን ከሻጩ አፍ ብቻ መቀበል የለም።

መዝገቡ

እኔ ባደግሁበት መንደር የእጅ ፓምፕ ሲተከል በግ ታርዷል። አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ነበር። ይህ ፓምፕ መንደርተኛው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። ቶሎ የሚያልቀው ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ነው። ከመዳፍ የምታንስ ነገር ናት። የውሃ ኮሚቴ ተመረጠ፤ እያንዳንዱ ቤት በየወሩ እንዲያዋጣ ተወሰነ። ገንዘቡን የሚይዝ፣ መጻፍ የሚችል አንድ ጎልማሳ ተመረጠ።

ሦስት ዓመት ያህል ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን እጀታው ሲገፋ ውሃው አልመጣ አለ። ጎማዋ አልቃለች። ኮሚቴው ተሰብስቦ «ገንዘቡስ?» ሲባል ያዡ «አሁን በእጅ የለም» አለ። ሰው አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ሌባ አለው። ከዚያ በየቤቱ ተበተነ፤ ሴቶቹም እንስራቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ተመለሱ። በዚያ ክረምት ተቅማጥ ገባ፤ ሁለት ሕፃናት ተቀበሩ። ፓምፑ እዚያው ቆሞ ነበር። ዶሮዎች ይሰፍሩበት ነበር።

መስከረም ላይ እንደገና ስብሰባ ተጠራ። ከመካከል አንዲት አሮጊት ተነሱ። በስተርጅና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ መዝገብ ጽፈሃል?» አሉት።

«አዎ እመት፣ ጽፌያለሁ።»

«እንግዲያው አምጣውና እኔው ላንብበው።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። መዝገቡ መጣ። ጣታቸውን በየስሙ ሥር እያስኬዱ፣ አንዳንዴ እየቆሙ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ጊዜ ወሰደ። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ገንዘቡ አልተሰረቀም ነበር። ለማዳበሪያ ዕዳ የተቸገሩ ሰዎች ተበድረውታል። የተበዳሪዎቹ ስም አንድ በአንድ ተጽፏል። «ሌባ» ብለው ከጮኹት መካከል ሦስቱ እዚያው መዝገብ ላይ ነበሩ። ያዡ ያጠፋው አበድሮ ስብሰባ አለመጥራቱ ነው። እኛም ሦስት ዓመት ሙሉ መዝገቡን አምጣው ሳንል ቀርተናል።

የዚያኑ ዕለት ሁለቱ ተበዳሪዎች ከፈሉ፤ ለጎማዋ ያ በቅቶ ተረፈ። ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ እንዲመጣም ማመልከቻ ተጻፈ፤ የተጠየቀው ሁለት ነገር ነበር። ውሃው እንዲመረመርና ሁለት ወጣቶች ጥገና እንዲማሩ። ማመልከቻው ላይ የቀበሌው ሕዝብ ብዛት፣ የቤቶቹ ቁጥርና ከፓምፑ እስከ መጨረሻው ቤት ያለው ርቀት በሜትር ተጽፎ ነበር። ርቀቱን የለኩት ልጆች በገመድ ነው።

ባለሙያው በሁለተኛው ማመልከቻ መጣ። መዝገቡ አሁን በፓምፑ አጥር አጠገብ ባለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። በየወሩ መጨረሻ ከቀጂዎቹ አንዷ ጮክ ብላ ታነበዋለች። የጥቅምቱ ተራ የሸክላ ሠሪዋ ነበር።